የበዓል በግ ቆዳ አይጣልም፦ ቤታችሁ አጎዛ እንዴት እንደምታለፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ዘንድሮም የፋሲካ ማግስት ሰፈራችን የቆሻሻ ገንዳ ጋ የተቆለለውን የበግ ቆዳ ሳይ አንጀቴ ነው ያረረው። ድሮ'ኮ በዓል ጠዋት በጉ ተገፎ ሳያልቅ «ቆዳ አለ! የበግ ቆዳ የፍየል ቆዳ!» እያለ የሚዞረው ልጅ በር ያንኳኳ ነበር፣ አሁን ግን ዋጋው ወደቀና ሰብሳቢውም ጠፋ፣ ቆዳው በፌስታል ታስሮ ከፈርሱ ጋር አብሮ ይጣላል፣ በሁለተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ይሸታል። እና እኛ ደግሞ ዞር ብለን ሶፋ ላይ የሚጣል የፕላስቲክ ፀጉር ያለው ምንጣፍ በስንት ብር እንገዛለን። ይሄ ነገር ስላላስቻለኝ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

እኔ አጎዛን ያወቅኩት መንዝ አያቴ ቤት ነው። መደቡ ላይ አንድ ጥቁር አጎዛ ነበረ፣ በዚያ ብርድ ስትቀመጡበት ከስር ሙቀት እየወጣ ሰውነታችሁን ይይዘዋል። አያቴ አዲስ አጎዛ ሲመጣላት መጀመሪያ ፀጉሩን አታይም፣ ቆዳውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ጆሮዋ ጋ ታሻው ነበር፣ ኮሽ ኮሽ ካለ አልለፋም ብላ ትመልሰዋለች፣ ዝም ካለ ትገዛዋለች። ዛሬም እኔ የምፈትነው እንደሷ ነው።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። «ለፋ» ማለት ደከመ ማለት ነው አይደል? ቆዳም ሲለሰልስ «ለፋ» ነው የምንለው። አንድ ቃል ነው። ስራውን አንዴ ስትሰሩት ለምን አንድ ቃል እንደሆነ ክንዳችሁ ይነግራችኋል፣ ምክንያቱም የዚህ ስራ ትልቁ ሚስጥር መድሃኒቱ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ ያለው ማሸትና መጎተት ነው። ብዙ ሰው ሞክሮ እንደ ጣውላ የደረቀ ነገር የሚያወጣው እዚያ ጋ ስለሚሰለች ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር፣ እነዚህን ቀልድ እንዳታደርጓቸው። አንደኛ፣ በድንገት የሞተ እንስሳ፣ በተለይ ከአፍንጫው ወይ ከሌላ ቀዳዳው ጥቁር ደም የወጣ፣ እንዳትገፉት፣ እንዳትነኩት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፣ የአባ ሰንጋ ዘር ደግሞ ቆዳና ፀጉር ላይ ለብዙ ዓመት ይቆያል፣ ጨውም አይገድለውም፣ በትንሽ ቁስል ወይ በመተንፈስ ወደ ሰው ይገባል። ለቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው የሚነገረው። ጤነኛ ሆኖ የታረደ ብቻ ነው የምንሰራው። ሁለተኛ፣ የዱር እንስሳ ቆዳ፣ ጉሬዛ ነብር ቀበሮ ምናምን፣ ያለ ፈቃድ ማደን በህግ ያስጠይቃል፣ እነሱም እያለቁ ነው፣ እዚያ እንዳትገቡ። በግ ይበቃናል፣ ፍየልም አለ።

የሚያስፈልጋችሁ ይሄ ነው፦ አንድ የበግ ቆዳ፣ በድምሩ 4 ኪሎ የሚሆን ጨው (የአፍዴራው ተራ ጨው ይበቃል፣ ግን ደቀቅ ያለ ይሁን)፣ 800 ግራም ሸብ (ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ 1 ኪሎ ከ200)፣ ላርጎ፣ 50 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ ሁለት እንቁላል፣ ትንሽ የጉሎ ዘይት፣ የፕላስቲክ በርሜል ወይ ትልቅ ሳፋ፣ የላስቲክ ጓንት፣ የደነዘ ቢላ፣ ሲባጎ፣ ከአራት እንጨት የተሰራ ፍሬም። ሸብ ያው ፀጉር ቤት ከተላጨን በኋላ ፊታችንን የሚያሹን ነጭ ድንጋይ ነው፣ መርካቶ ቅመምና እጣን የሚሸጡበት አካባቢ በኪሎ ታገኙታላችሁ፣ ወቅጣችሁ ዱቄት አድርጉት። ብረት ዕቃ ግን ፈፅሞ አትጠቀሙ፣ ሸብና ጨው አንድ ላይ ብረት ይበላሉ፣ ዝገቱ ደግሞ ፀጉሩ ላይ የማይለቅ ቡኒ ነጠብጣብ ይተዋል።

በጉን ስትገዙ እና ሲገፈፍ

ጥሩ አጎዛ የሚጀምረው በግ ተራ ነው። ላቱን ስትጨብጡ ፀጉሩንም በጣታችሁ ከፈል አድርጉና ቆዳው ድረስ እዩ። እከክ ያለበት በግ ይታወቃል፣ ጎኑን ከአጥር ጋር ሲፋተግ ኖሮ ፀጉሩ ቦታ ቦታ ሳስቷል፣ ስር ላይ ቅማል ወይ ክንፍ የሌለው ቡናማ ዝንብ መሰል ነገር ታገኛላችሁ። የሀገራችንን የበግ ቆዳ ክፉኛ ካበላሹት ነገሮች አንዱ ይሄ እከክ ነው። ፀጉሩ ከ2 እስከ 4 ሳንቲም የሚሆን፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንደ ደጋ በግ ዓይነት ምረጡ፣ የቆላ በግ ፀጉሩ አጭር ስለሆነ እንደ አጎዛ አይሞቅም።

ወቅትም ለውጥ አለው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የገና በግ ከሁሉም ይሻላል፣ ጥር ላይ አየሩ ደረቅ ነው ሌሊቱም ቀዝቃዛ፣ ቆዳ ቶሎ አይበላሽም፣ ሲደርቅም በልኩ ነው የሚደርቀው። የእንቁጣጣሽ በግ አስቸጋሪ ነው፣ ክረምቱ ገና አልወጣም፣ እርጥበቱ ያንገላታችኋል። የፋሲካና የአረፋ እንደ ዝናቡ ነው።

ቀጥሎ አራጁ አለ። በዓል ጠዋት አራጅ ስንት ቤት ነው የሚጠብቀው፣ ስለዚ ይቸኩላል፣ ሲቸኩል ደግሞ ቢላው ቆዳውን ይበሳዋል። ገና ሲመጣ «ወንድሜ ቆዳውን እፈልገዋለሁ፣ በጡጫ ግፈፍልኝ» በሉትና አንድ ነገር ጨመር አድርጉለት። ቢላ የሚያስፈልገው መክፈቻው ላይ ነው፣ ከአንገት እስከ ጭራ በሆዱ መሃል ቀጥ ያለ መስመር፣ ከዚያ በአራቱም እግር ውስጥ በኩል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ አንድ እጅ ቆዳውን ወጠር አድርጎ ሲይዝ ሌላው በጡጫ በስጋውና በቆዳው መሃል እየገፋ ይሄዳል፣ ትኩስ እያለ በቀላሉ ይላቀቃል። ቢላ ሳይነካ የወጣ ቆዳ የስጋው ጎን እንደ ወረቀት ንፁህ ነው፣ በኋላ የሚጠብቃችሁን ፍቆ ማፅዳት በግማሽ ያቀልላችኋል።

አሁን ሰዓት መቁጠር ጀምሩ። ቆዳው ከበጉ ከወጣ በ3 ወይ በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጨው ማየት አለበት። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ቆዳ በዚህ ነው የጠፋው፣ ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ «ነገ እሰራዋለሁ» ብዬ በፌስታል አስሬ ጓሮ አስቀመጥኩት፣ ጠዋት ስከፍተው ሽታው ብዙም አልነበረም፣ ደህና ነው ብዬ አጥቤ ሁሉንም ነገር ሰራሁለት፣ በ4ኛው ቀን ከመድሃኒቱ ሳወጣው ሆዱ ጋ ያለው ፀጉር በእፍኝ በእፍኝ እጄ ላይ ቀረ። አየር በሌለበት ሙቀት ውስጥ ባክቴሪያው የፀጉሩን ስር ነው መጀመሪያ የሚበላው፣ ያ አንዴ ከሆነ ምንም መድሃኒት አይመልሰውም። ስለዚ ወዲያው ፀጉሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ጥላ ያለው ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ዘርጉት፣ ደሙን በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ሙቀቱ ይውጣለት። ጠቅልሎ ማስቀመጥ የለም።

ጨው

ከመጨው በፊት የሚታየውን ጮማና የተንጠለጠለ ስጋ በቢላ አንሱት፣ ስሱን ሽፋን ለጊዜው ተዉት። ጨው ስጋና ስብን አልፎ መግባት ስለማይችል ስብ ያለበት ቦታ ስር ቆዳው ሳይጨው ይቀርና እዚያው ይበሰብሳል።

የአንድ በግ እርጥብ ቆዳ ከ2 እስከ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፣ ለዚህ ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ተኩል ጨው አትሰስቱ። እንደ ወጥ አይደለም የሚነሰነሰው፣ ቆዳው እስከማይታይ ነጭ ማልበስ ነው። በመዳፋችሁ እሹት፣ የተጠቀለለውን ጠርዝ፣ የእግሩን ጫፍ፣ አንገቱ ላይ ያለውን እጥፋት እየከፈታችሁ አስገቡበት፣ መበስበስ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከተረሳ ጠርዝ ነው። ከዚያ ውሃው እንዲፈስ ትንሽ ያዘነበለ ጣውላ ላይ አድርጉት፣ ውሻና ድመት ከማይደርስበት ቦታ። በማግስቱ ጨው ረጥቦ ሮዝ ውሃ ወጥቶት ታገኙታላችሁ፣ እሱን አራግፋችሁ ጣሉና በ1 ኪሎ አዲስ ጨው ድገሙት። በ3ኛው ቀን ቆዳው ጠንከር ብሎ ውሃ ማንጠባጠብ ያቆማል።

እዚህ ጋ እረፍት መውሰድ ይቻላል። በደንብ የጨወና የደረቀ ቆዳ ቀዝቃዛ ደረቅ ቦታ ለሳምንታት ይቆያል፣ ስለዚ የበዓሉ ግርግር እስኪያልፍ ልትተዉት ትችላላችሁ። ውጪ ያላችሁ፣ አሜሪካ ለምሳሌ ፋርም ሄዳችሁ በግ የምታሳርዱ፣ ቆዳውን ብዙ ጊዜ ማንም አይፈልገውም፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ወዲያው ፍሪዘር ብታስገቡትም ይሆናል። ለሸቡ ደግሞ የአበባና የአትክልት ዕቃ የሚሸጥበት ቤት አሉሚኒየም ሰልፌት በሉ፣ ተመሳሳይ ስራ ይሰራል፣ ሱፐርማርኬት ቅመም መደርደሪያ ላይ ያለችው ሸብ ከተገኘችም ትሆናለች ግን በጣም ትንሽ ብልቃጥ ስለሆነች ኪሳችሁን ታራቁታለች።

ማራስ፣ መፋቅ፣ ማጠብ

20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሁለት እፍኝ ጨው፣ አንድ የቡና ሲኒ ላርጎ። ቆዳው እዚያ ውስጥ ይነከር፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ከዚያ አይለፍ። ትኩስ ቆዳ እንደነበረው ሲልፈሰፈስ ደርሷል። ዱቄት ሳሙና አታድርጉ፣ ብዙዎቹ የምግብ እድፍ የሚበላ ኢንዛይም አላቸው፣ ቆዳም ለነሱ ምግብ ነው።

ከዚያ መፋቅ። ወፍራም ክብ ግንድ ወይ 15 ሳንቲም የሚሆን የፍሳሽ ቱቦ ግድግዳ ላይ አስደግፉ፣ ቁመቱ ወገባችሁ ጋ ይድረስ፣ ቆዳውን ስጋው ወደ ላይ ሆኖ ጣሉበት፣ የላይኛውን ጫፍ በሆዳችሁና በግንዱ መሃል አጣብቃችሁ ያዙት። የደነዘ ቢላችሁን በሁለት እጅ ይዛችሁ ከናንተ ወደ ውጪ ግፉ። ቁረጡት አይደለም፣ ግፉት ነው። አንድ ስስ የላስቲክ የሚመስል ሽፋን አለ፣ ጠርዙን አንዴ ካገኛችሁት እየተጠቀለለ ይነሳላችኋል፣ ስሩ ያለው ቆዳ ነጭና ትንሽ ሻከር ያለ ነው። ያ ሽፋን ካልተነሳ ሸቡ አይገባም፣ ነገሩ ይሄው ነው። ሆዱ ጋና ብብቱ ጋ ቆዳው ስስ ነው፣ ቀስ በሉ። በስጋው በኩል ጥቃቅን ነጠብጣብ መታየት ከጀመረ የፀጉሩ ስር ጋ ደርሳችኋል ማለት ነው፣ ወዲያው አቁሙ፣ ከዚያ ካለፋችሁ ፀጉሩ ይረግፋል። ቀዳዳ ካለ አሁን በጥሩ ክር ስፉት፣ በኋላ ቆዳው ሲወጠር ቀዳዳው ይተልቃል።

ለኔ መጀመሪያ ጊዜ ሶስት ሰዓት ፈጅቶብኛል። ኮንሶ ውስጥ ይሄን ስራ የሚሰሩት ሴቶች ናቸው፣ እንጨት እጀታ ላይ በተተከለ የድንጋይ ስለት፣ ድንጋዩን ራሳቸው ጠርበው፣ ሲደነዝ ራሳቸው እየሳሉ ነው የሚፍቁት። እኛ ደግሞ እንደዚህ ያለውን ሰው ሁሉ «ፋቂ» ብለን ስንሰድብ፣ ከማዕዳችን ስናርቅ የኖርን ህዝብ ነን፣ አፄ ምኒልክ እንኳ ሰራተኛን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ግንዱ ላይ ጎንበስ ብላችሁ ግማሽ ቆዳ ፍቃችሁ ቀና ስትሉ ያ ስድብ ምን ያህል ግፍ እንደነበር ይገባችኋል።

ከተፋቀ በኋላ እጠቡት፣ ለብ ባለ ውሃ ላርጎ አድርጋችሁ፣ ሶስት ጊዜ ውሃ ቀይሩለት። የበግ ቆዳ ስብ ይበዛዋል፣ ውሃው እንደ አጓት እስኪነጣ ድረስ ቅባቱ ይወጣል። በጠጡን፣ ጭጎጎቱን በጣት ልቀሙት፣ ፀጉሩን ግን እንደ ልብስ አትሹት፣ ሙቅ ውሃም አታድርጉ፣ ሱፍ በሙቅ ውሃ ከታሸ ተቋጥሮ ባና ይሆናል፣ አይፈታም። መዳፋችሁን ከላይ ወደ ታች እያሳለፋችሁ ጭመቁት እንጂ። ከዚያ ግንዱ ላይ ሰቅላችሁ አንድ ሰዓት አንጠባጥቡት።

ሸቡ

ቆዳን ማልፊያ መንገድ ብዙ ነው። የግራር ቅርፊት አለ፣ እሱ እውነተኛ ማልፊያ ነው፣ ውሃም አይፈራም፣ ግን ሳምንታት ይፈልጋል ነጩንም ፀጉር ቡናማ ያደርገዋል። ፋብሪካዎቹ ክሮም የሚባል ኬሚካል ነው የሚጠቀሙት፣ እሱን ቤት ውስጥ አልመክርም፣ ፍሳሹ መርዝ ነው። ብራና የሚሰሩ አባቶች ደግሞ ምንም አያስገቡበትም፣ ፀጉሩን አውርደው ወጥረው እየፋቁ ያደርቁታል፣ ለዚህ ነው ብራና እንደ ወረቀት ቀጥ የሚለው። ለቤት አጎዛ ግን ሸብ ነው የሚመቸው፣ ቆዳውን ነጭ ያደርገዋል፣ አይሸትም፣ እጅ አይጎዳም።

10 ሊትር ውሃ፣ 1 ኪሎ ጨው፣ 800 ግራም ሸብ። ሸቡን በ2 ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ፣ ጨውን በቀረው ቀዝቃዛ፣ ከዚያ ቀላቅሉና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ይቀዝቅዝ ስል እጃችሁን ስትከቱ ምንም ሙቀት አይኑረው፣ ጥሬ ቆዳ በሙቅ ውሃ ተኮማትሮ ይበስላል፣ አለቀ። ጨውን «በዝቷል» ብላችሁ አትቀንሱ፣ ሸብ አሲድ ነው፣ ያለ ጨው አሲድ ቆዳውን ያሳብጠዋል። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ውሃውን ጠጥቶ ስለሚያሳንሰው በዚሁ ልክ ተጨማሪ 5 ሊትር አዘጋጁ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ጨውና 400 ግራም ሸብ።

ቆዳውን ክተቱት፣ አየር የያዘ እጥፋት እንዳይቀር በእጃችሁ እየገለባበጣችሁ ጫኑት፣ ላዩ ላይ ሳህን ገልብጣችሁ ድንጋይ አድርጉበት። በቀን ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ5 ደቂቃ አማስሉት። የተነቃነቀ ቆዳ እኩል ይለፋል፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ታጥፎ የነካካበት ቦታ ጥሬ ይቀራል። ከ4 እስከ 6 ቀን ይፈጃል፣ አዲስ አበባ ብርድ ከሆነ ወደ 6 ጠጋ፣ ሞቅ ያለ ከተማ ወደ 4።

መድረሱን ለማወቅ በጣም ወፍራም ከሆነው ቦታ፣ ከአንገቱ ጠርዝ፣ ቀጭን ቁራጭ በምላጭ ቁረጡና የተቆረጠውን ጎን ብርሃን ላይ እዩት። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ወተት ነጭ ከሆነ ገብቷል። መሃሉ ላይ እንደ ጥሬ ስጋ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ግራጫ መስመር ካለ ገና ነው፣ ሁለት ቀን ጨምሩለት።

የመጨረሻው ቀን ላይ 50 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በ1 ሊትር ለብ ባለ ውሃ አሟሙታችሁ ቆዳውን አውጡትና የሶዳውን ውሃ አምስት ቦታ ከፍላችሁ እዚያው መድሃኒቱ ውስጥ በየ15 ደቂቃው ቀስ እያላችሁ እያማሰላችሁ አፍሱ። ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል፣ አትደንግጡ። በአንዴ ከደፋችሁት ሸቡ ተቋጥሮ እንደ ኖራ ታች ይዘቅጣል፣ ቆዳው ውስጥ አይገባም። ከዚያ ቆዳውን መልሳችሁ ለአንድ ሌሊት። ይሄ ሸቡ ቆዳውን ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ ያግዛል።

ሲወጣ የፀጉሩን ጎን ብቻ በፍጥነት አለቅልቁት፣ የስጋውን ጎን አትዘፍዝፉት፣ የሸብ ቆዳ በብዙ ውሃ ከታጠበ ሸቡ ተመልሶ ይወጣል። የተረፈውን ውሃ አበባ ላይ ወይ ጎመን ላይ እንዳትደፉት፣ ጨው መሬቱን ይገድለዋል፣ በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ ሽንት ቤት ድፉት።

ቅባት

ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ አድሮ ቆዳው ስትነኩት እርጥብ ግን ውሃ የማይወጣው ሲሆን፣ ሁለት የእንቁላል አስኳል፣ ሶስት ማንኪያ የጉሎ ዘይት፣ ሶስት ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ ላርጎ አንድ ላይ ምቱት፣ እንደ ማዮኔዝ ይሆናል። አስኳሉ ዘይቱንና ውሃውን ስለሚያስታርቅ ዘይቱ ላይ ላዩን ከመቅረት ይልቅ ወደ ውስጥ ይገባል። በስጋው ጎን ብቻ በመዳፍ አሹት፣ ፀጉሩን እንዳይነካ። የኑግ ዘይት ቤት ውስጥ ስላለ ልጠቀም ትሉ ይሆናል፣ አትጠቀሙ፣ ኑግ እየቆየ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል ይጣበቃል፣ ጉሎ ግን አይደርቅም። ሲያልቅ ቆዳውን ስጋ ለስጋ አጥፋችሁ እስከ ማግስቱ ተዉት።

ማልፋቱ ራሱ

እስካሁን ያለው ሁሉ ዝግጅት ነው። አሁን ቆዳውን ፍሬሙ ላይ በሲባጎ ወጥሩት፣ ጠርዙን በየ10 ሳንቲሙ በስታችሁ፣ እንደ ከበሮ ሳይሆን ለቀቅ አድርጋችሁ፣ ጥላ ውስጥ ንፋስ ባለበት። ፀሃይ ላይ አይደለም! እርጥብ ቆዳ ፀሃይ ከመታው ውስጡ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ በኋላ ምንም ብታደርጉት ከጣውላነት አይወጣም።

ከአንድ ወይ ሁለት ቀን በኋላ ጠርዙ መድረቅ ሲጀምር፣ መሃሉ ግን ገና ቀዝቀዝ ሲል፣ ያን ጊዜ ነው ሰዓቱ። ይሄን ሰዓት እንዳያመልጣችሁ ጠዋትና ማታ በጉንጫችሁ ነክታችሁ እዩት፣ ጉንጭ ከእጅ ይበልጥ እርጥበትን ያውቃል። አንድ ቦታ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ለጠጥ ስታደርጉት ከግራጫ ወደ ነጭ ከተቀየረ ጀምሩ። ከፍሬሙ አውርዱት፣ የወንበር መደገፊያ ጠርዝ ላይ ወይ መሬት ላይ በተተከለ ጠርዙ በለሰለሰ ጣውላ ላይ የስጋውን ጎን አድርጋችሁ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ጎትቱት፣ በቁመት፣ በወርድ፣ በሰያፍ። ሁለት ሰው ሆናችሁ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ብትጎትቱት ደግሞ የበለጠ ነው፣ እኔና እህቴ ቡና እየተፈላ ነው የምንሰራው፣ አቦል ላይ ጀምረን በረካ ላይ እጃችን ዝሎ እናርፋለን።

ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ፣ ቆዳ ማለት የተጠላለፈ ክር ነው፣ ሲደርቅ እያንዳንዱ ክር ጎረቤቱ ላይ መጣበቅ ይፈልጋል። እየደረቀ እያለ ካንቀሳቀሳችሁት ክሮቹ ሳይጣበቁ ይደርቃሉ፣ ለስላሳ ይሆናል። ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት ይጣበቃሉ። ስለዚ አንዴ አንድ ሰዓት ሰርቶ መተው አይደለም፣ 20 ደቂቃ ሰርቶ አንድ ሁለት ሰዓት ማሳረፍ፣ እንደገና 20 ደቂቃ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ፣ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ማታ ሳትጨርሱ ከተኛችሁ በፌስታል ሸፍኑት፣ በሌሊት እንዳይደርቅባችሁ፣ ጠዋት ግን ወዲያው አውጡት።

ያመለጣችሁ ቦታ ኖሮ ቢደርቅ ሁሉም ነገር አልጠፋም። እርጥብ ጨርቅ በስጋው ጎን አልብሱት፣ ሁለት ሶስት ሰዓት፣ ሲለሰልስ ያን ቦታ ብቻ እንደገና ጎትቱት። እኔ አንገቱን ሶስት ጊዜ ነው የደገምኩት፣ አንገት ሁሌም እምቢተኛ ነው። በመጨረሻ ጨምድዳችሁ ጆሯችሁ ጋ እሹት። ዝም ካለ ለፍቷል።

የቀረው ቀላል ነው። የስጋውን ጎን እንጨት ሰራተኞች በሚሞርዱበት ብርጭቆ ወረቀት ወይ ተረከዝ በምንፈገፍግበት ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ እሹት፣ እንደ ከፋይ ይለሰልሳል። ፀጉሩን ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ስር አበጥሩት። ጠርዙን ስታስተካክሉ በመቀስ ሳይሆን በምላጭ፣ ከስጋው በኩል፣ ቆዳውን ብቻ ቁረጡ፣ ከላይ ከቆረጣችሁ ፀጉሩ ተቆርጦ ባዶ መስመር ይታያል።

ፍየል ለምትሰሩ፣ ስቡ ትንሽ ስለሆነ ማጠቡ ይቀላል፣ ቆዳው ግን ደረቅ ስለሆነ ጉሎውን አንድ ማንኪያ ጨምሩ፣ ፀጉሩም ይሰበራል፣ ለመቀመጫ ሳይሆን ለግድግዳ ወይ ለመሶብ ማስቀመጫ ነው የሚያምረው።

አጎዛችሁን ማሽን ውስጥ እንዳትከቱት። አቧራ ሲይዘው ውጪ አውጥታችሁ በዱላ መታ መታ አድርጉት፣ የሆነ ነገር ከፈሰሰበት ፀጉሩን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ትልቁ ጠላቱ ብል ነው፣ ከሶፋ ላይ አንስታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ የምታስቀምጡት ከሆነ በወር አንዴ አራግፉት፣ ናፍታሊን ብጤ አድርጉበት፣ በፌስታል ግን አትሰሩት፣ በአሮጌ አንሶላ ይጠቅለል፣ ይተንፍስ። ዝናብ ካገኘው ወይ ልጅ ከሸናበት ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጥላ ላይ ዘርጉት፣ ጠርዙ መድረቅ ሲጀምር ደግሞ ወደዚያች ወንበር ጠርዝ መመለስ ነው።